በዝቋላ ያልዘነበው ሠላሳ ሚሊሜትር

ጸሐይነሽ ይርዳው እንጀራዋ ዝናብ መቁጠር ነው። በዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ ተበትነው የቆሙ አሥራ አንድ የዝናብ መለኪያዎች አሉ። ባትሪያቸውን የምትቀይረው፣ ወፍ ውስጣቸው የሠራችውን ጎጆ የምታወጣው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሆዳቸው ያለውን ፕሮግራም የምትጽፈው እሷ ናት። ሰው ስሟን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም። «ጸሐይነሽ እየተባልሽ ዝናብ ፍለጋ ትዞሪያለሽ?» ይሏታል። መጀመሪያ መጀመሪያ መልስ ትሰጥ ነበር፤ በኋላ ተወችው።

የተወለደችው ጋዝጊብላ ነው። አባቷ መሪጌታ ይርዳው የደብር አገልጋይ ስለነበሩ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነበር። አማርኛውን ከአባቷ፣ ኽምጣኛውን ከእናቷና ከሰፈሩ ልጆች ወሰደች። ትምህርት ስለቀናት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ሳይንስ አጠናች። በተመረቀች ዓመት እናቷ ታመሙ፤ ልታስታምም መጥታ እናቷ ካረፉም በኋላ እዚያው ቀረች። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ አንድ አነስተኛ የዝናብ መረጃ ፕሮጀክት ሠራተኛ ሲፈልግ አመለከተች፤ ሌላ አመልካች ስላልነበረ ወዲያው ተቀጠረች።

በጦርነቱ ዓመታት መብራትም ኔትወርክም ጠፍቶ መለኪያዎቹ ዝም ሲሉ፣ በየመንደሩ የሚጠብቋቸውን ገበሬዎች በእግሯ እየዞረች ታገኝ ነበር። አንዳንዱ በጣሳ የለካውን በወረቀት ጽፎ ይሰጣታል፣ ጽሕፈት የማያውቀው በቃሉ ይነግራታል። ያን ጊዜ የለመዳት ሰው ብዙ ነው። ሰላም ሲሆን መሣሪያዎቹ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ፕሮጀክቱም ለገበሬው በየዐሥር ቀኑ በስልክ አጭር መልእክት መላክ ጀመረ። ይህን ያህል ሚሊሜትር ዘንቧል፣ መዝራት ይቻላል ወይም ገና ነው የሚል መልእክት ነው። ገበሬው ቀስ በቀስ አመነው። በተለይ በዋጉ ዝቋላ ወረዳ፣ ዝናቡ አንዴ መጥቶ አንዴ በሚቀርበት ቆላ፣ የዘር ጊዜ የሚያሳውቅ ነገር ሲገኝ ጆሮ የሚነፍገው አልነበረም።

መለኪያው ሲታይ ከአፉ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ነጭ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ባለሁለት ጎን ትንሽ ማንኪያ አለች። ዝናቡ አንዱን ጎን ሲሞላው ማንኪያዋ ትጋደማለች፣ ውሃውን ትደፋለች፣ ሌላው ጎኗም በተራው መሙላት ይጀምራል። መሣሪያው የሚቆጥረው ማንኪያዋ ስንት ጊዜ እንደተጋደመች ነው። ከአሥራ አንዱ መለኪያዎች አሥሩ አዳዲሶች ናቸው፤ ማንኪያቸው በአንድ ግልብጥ ግማሽ ሚሊሜትር ዝናብ ትይዛለች። የዝቋላው ግን ከቀድሞ ጥናት የተረፈ አሮጌ ነው። የእሱ ማንኪያ ትንሽ ናት፤ በአንድ ግልብጥ የምትይዘው ከአንድ ሚሊሜትር አምስተኛውን ብቻ ነው።

ጸሐይነሽ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ መለኪያ የየራሱን ፕሮግራም ሲ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፋ ነበር። አንድ ስህተት ስታርም አሥራ አንድ ቦታ ማረም ሲሰለቻት ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል ጠቀለለቻቸው። ልዩነቱን የሚፈታላት ፕሪፕሮሰሰር የሚባለው ነው። ፕሮግራሙ ወደ ማሽን ቋንቋ ከመለወጡ በፊት ጽሑፉን ቀድሞ የሚያነብ፣ «ይህ ከሆነ ይህን መስመር አቆይ፣ ካልሆነ ያን አቆይ» የሚለውን ቃል በቃል የሚፈጽም መሣሪያ ነው። ትእዛዙን የምትሰጠው በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ በምትጽፈው አንድ መስመር ነው። በመስመሩ ላይ -D ብላ ስምና ዋጋ ካስከተለች፣ ፕሪፕሮሰሰሩ ያን ስም እንደተነገረው አድርጎ ይወስደዋል። ማንኪያዋን በፕሮግራሙ ውስጥ KUNA ብላ ሰየመቻት፤ ቁና ማለቷ ነው። ዓይነቶቹን ደግሞ TINISH እና TILIQ አለቻቸው። ስለዚህ ለዝቋላው -DKUNA=TINISH፣ ለሌሎቹ -DKUNA=TILIQ ትጽፋለች። በፋይሉ ውስጥም፣ ቁናው ትንሽ ከሆነ ግልብጡን በዜሮ ነጥብ ሁለት አባዛ፣ ካልሆነ በዜሮ ነጥብ አምስት አባዛ የሚል አለ። አብዛኞቹ ትልልቅ ስለሆኑ «ካልሆነ» ማለቱ በቂ መስሎ ታይቷት ነበር።

በግንቦት ወር ባትሪ የሚቆጥብ አዲስ ፕሮግራም ጻፈች። አሮጌው ላፕቶፕ ሞቶ በአዲስ ተተክቶ ስለነበር የቀድሞዎቹን የትእዛዝ መስመሮች ከትዝታዋ መልሳ ጻፈቻቸው። አሥራ አንዱንም በአንድ ጠዋት ጨረሰች። ኮምፒውተሩ አንድም ቅሬታ አላሰማም። መለኪያዎቹን ዞራ በየተራ ጫነችባቸው፤ ዝቋላ የደረሰችውም የመጨረሻ ሆና ነው።

ሰኔ ሃያ አራት ቀን ለዝቋላዋ መንደር መልእክት ሄደ። ባለፉት ዐሥር ቀናት ሠላሳ ሚሊሜትር ዘንቧል፣ ማሽላ መዝራት ይቻላል ይላል። አሥራ ዘጠኝ አባወራዎችና እማወራዎች ዘሩ።

ሐምሌ ስምንት ቀን ስልኳ ጮኸ። የዝቋላውን መለኪያ የሚጠብቁት አቶ ደግሰው ነበሩ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ መለኪያው የቆመው በእርሳቸው ማሳ ጥግ፣ የእሾህ አጥር ተሠርቶለት ነው።

«ልጄ፣ ያ ነገርሽ ደኅና ነው?» አሉ።

«ምኑ አባቴ? መለኪያው?»

«አዎ። ማሽላው በቅሎ አለቀ። አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ጠብ አላለም።»

«ዝናቡ መቋረጡን አይቻለሁ አባቴ። እሱን መሣሪያው አይከለክለውም።»

«መቋረጡን አላልኩም፤ መጀመሪያ የመጣውን ነው የምልሽ። እኔ አሁንም በጣሳዬ እለካለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የማሽላ አገዳ ላይ በቢላ ምልክት አደርጋለሁ። የዐሥሩ ቀን ሁሉ ተደምሮ የጣት አንጓ ግማሽ አይሞላም። አንቺ ሠላሳ ብለሽ ላክሽ። ሠላሳው ስንት ጣት ነው?»

ጸሐይነሽ ጣቷን አየች። ሠላሳ ሚሊሜትር ከአንድ አንጓ ያልፋል።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

 «ጣሳዬን ጠረጠርኩ። ያንቺ መሣሪያ ነው፤ የኔ የዘይት ጣሳ ነው። እኔም ዘራሁ።»

በማግስቱ ለአስተባባሪዋ ለመልአኩ ነገረችው። መልአኩ ወረቀት የሚወድ፣ ጠንቃቃ፣ ለሠራተኞቹ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ምናልባት ማንኪያዋ ጉንዳን ገብቶባት ይሆናል አለ። እሷም እንደዚያ ቢሆን ተመኘች። ሐምሌ አሥር በጭነት መኪና ጋቢና ወደ ዝቋላ ተሳፈረች፤ መኪናው ከሚቆምበት ደግሞ አራት ሰዓት በእግር ወረደች። ቁልቁለቱን እየጨረሰች ስትሄድ ሙቀቱ ጨመረ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሳዎቹ ታርሰው ተገምሰው ነበር፤ በየትልሙ ውስጥ ጣት የማታህል ቢጫ ቡቃያ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። አንዷን ነቅላ አየቻት፤ ሥሯ ከደረቀ አፈር ጋር ያለምንም ትግል ወጣ።

አቶ ደግሰው ቤት አድራ በማግስቱ ጠዋት መለኪያውን ከፈተችው። ጉንዳን የለም። ድር የለም። ማንኪያዋ በነፃነት ትጋደማለች። ከሻንጣዋ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። ክዳኑን በመርፌ በስታ በመለኪያው አፍ ላይ ደፋችው፤ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ መውረድ ጀመረ። አቶ ደግሰው ጠጠር እየጣሉ ግልብጡን ቆጠሩ። ለዚያ መለኪያ ግማሽ ሊትር ውሃ ማለት የሃያ አምስት ሚሊሜትር ዝናብ ነው። ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ውሃው ሲያልቅ ጠጠሮቹ ልክ የሚጠበቀውን መቶ ሃያ አምስት ሆኑ።

ከዚያ መሣሪያው የመዘገበውን አየች። በሃያ አምስት ፈንታ ስልሳ ሁለት ከግማሽ ሚሊሜትር ይላል።

«ማንኪያዋ አልዋሸችም» አለች።

«ታዲያ ማን ነው የዋሸው?»

 ጸሐይነሽ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ላፕቶፑን ከፈተች። ትእዛዝ የጻፈችበትን ፋይል አወጣች፤ የዝቋላውን መስመር አነበበች፣ ትክክል መሰላት። ደግማ አነበበች፣ አሁንም ትክክል መሰላት። ሰው የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ ዓይኑ ያለውን ሳይሆን ያሰበውን እንደሚያይ ስለምታውቅ ማንበቡን ተወችው። በዚያው መስመር ላይ -E የምትለውን ጨመረችበት። -E ስትባል ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ አይለውጥም፤ ፕሪፕሮሰሰሩ ጽሑፉን አጣርቶ የጨረሰበት ቦታ ላይ ቆሞ የተረፈውን ብቻ ያሳያል። በመስኮቱ ላይ ብዙ መቶ መስመር ወረደ። መጨረሻው አካባቢ የፈለገችውን አገኘችው። ግልብጡ በዜሮ ነጥብ አምስት ይባዛል። የትንሹ ማንኪያ መስመር ጭራሽ የለም፤ ፕሪፕሮሰሰሩ አውጥቶ ጥሎታል።

ወደ ትእዛዙ ተመለሰች፤ አሁን ፊደል በፊደል፣ ጣቷን እያስኬደች አነበበች። TINSH ይላል። በፋይሉ ውስጥ ያለው TINISH ነው። ትንሽ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ስልክ ላይ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ስትጽፈው ኖራለች፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጽፈው፤ የሚያነበውም ሰው ይገባዋል። ፕሪፕሮሰሰሩ ግን የማያውቀው ስም ሲገጥመው ምንም ሳይጠይቅ ዜሮ ብሎ ይወስደዋል። ዜሮ ደግሞ TINISH አይደለም፤ ስለዚህ «ካልሆነ» ወደሚለው ሄደ። -Wundef የምትባል አማራጭ እንዳለች ታውቃለች፤ እሷን ከትእዛዙ ላይ ብትጨምር ኖሮ «ይህን ስም አላውቀውም፣ እንደ ዜሮ ቆጥሬዋለሁ» ብሎ ያስጠነቅቃት ነበር። አሁን ጨመረቻት። ማስጠንቀቂያው ወዲያው ወጣ።

የሰኔውን ቁጥር መልሳ አሰላች። ስልሳ ግልብጥ በዜሮ ነጥብ ሁለት አሥራ ሁለት ነው። ስልሳ ግልብጥ በዜሮ ነጥብ አምስት ሠላሳ ነው። በአሥራ ሁለት ሚሊሜትር ዝሩ ተብሎ አይላክም።

አቶ ደግሰው ጠጠሮቹን ከእጃቸው አራገፉ። «አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ምንድን ነው?»

«አንድ ፊደል ዘልያለሁ አባቴ። እኔ ነኝ።»

አቶ ደግሰው ወደ መለኪያው አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። «አንድ ፊደል» አሉ።

ፊደሉን አስገባች። «ካልሆነ» የሚለውንም አስወግዳ፣ ቁናው ትንሽም ትልቅም ካልሆነ ሥራው እንዲቆምና ስህተት ብሎ እንዲጮህ አድርጋ ጻፈችው። መሣሪያውን በገመድ አገናኝታ አዲሱን ጫነችበት። አንድ ጠርሙስ ውሃ እንደገና ጠብ አደረጉ፤ ሃያ አምስት አለ። ላፕቶፑ ባትሪው ሊያልቅ ሲቃረብ ዘጋችውና ስልክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥታ ለመልአኩ ደወለች።

መልአኩ አዳመጣት። «ጥሩ» አለ። «ሪፖርቱ ላይ ‹የቴክኒክ ብልሽት› ብለን እናስገባዋለን።»

«መሣሪያው አልተበላሸም።»

«ገባኝ። ግን ለገበሬው ፊደል ምን ማለት ነው? ማን ይረዳሻል? ደግሞ ከእንግዲህ መልእክቱን የሚያምን አይኖርም።»

«ነገ የሚካኤል ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይሰበሰባል። እነግራቸዋለሁ። አንተ የምትችል ከሆነ ዘር ፈልግ።»

«የምን ዘር? በሐምሌ አጋማሽ?»

«ቶሎ የሚደርስ ማሽላ። ማሾም ቢሆን።»

መልአኩ «እሞክራለሁ» አለና ዘጋ።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። አቶ ደግሰው ተነሥተው «ይህች ልጅ የምትናገረው አላት» ብቻ ብለው ተቀመጡ። ጸሐይነሽ በኽምጣኛ ተናገረች። መሣሪያው ዝናቡን በትክክል እንደቆጠረ፣ ቁጥሩን በስንት እንደሚያባዛ የምትነግረው ግን እሷ እንደሆነች፣ አንድ ቃል አሳስታ ስለጻፈች በትልቁ ማንኪያ እንዳባዛው፣ ዘንቧል የተባለው ሠላሳ በእውነት አሥራ ሁለት እንደነበረ ነገረቻቸው። ረጅም አላደረገችውም። ማንም አላቋረጣትም።

ከሴቶቹ መካከል ወይዘሮ ይታየሽ ተነሡ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ማሳቸውን በራሳቸው የሚያሳርሱ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው።

«የዘራሁት ካቻምና ሳንበላ ያስቀመጥነውን ነው» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መልእክቱን ከመላክሽ በፊት ስህተቱን የምታይበት መንገድ ነበረሽ?»

«ነበረኝ እናቴ።»

«ከባድ ነው?»

«አይደለም። አንዲት ቃል መጨመር ነው።»

«ታዲያ ለምን አላየሽም?»

ጸሐይነሽ ብዙ መልስ ነበራት። ላፕቶፑ ሞቷል፣ ጊዜው አጥሯል፣ አሥራ አንድ መለኪያ ለአንድ ሰው ብዙ ነው። «ኮምፒውተሩ ዝም ሲል ደኅና ነው ብዬ» አለች።

ወይዘሮ ይታየሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ዘር አምጪ» አሉና ተቀመጡ።

ከኋላ አንድ ሰው ይህ መሣሪያ ተነቅሎ ይሂድልን አለ። ሌላው ደግሞ አምና ስንት ጊዜ ልክ እንደነበረ አስታወሰ። ክርክሩ ከእሷ እጅ ወጥቶ በመካከላቸው ሄደ። አቶ ደግሰው መጨረሻ ላይ ተነሥተው፣ መልእክት ከመላኩ በፊት የጣሳው ልክ ተጠይቆ ይላክ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ አይላክ አሉ። በዚያ ተለያዩ።

ዝናቡ ሐምሌ አሥራ ስድስት ተመለሰ። ዘሩ የመጣው ሐምሌ ሃያ አንድ ነው፤ መልአኩ ሦስት ቢሮ ደጅ ጠንቶ፣ ሪፖርቱንም ጸሐይነሽ እንዳለችው ጽፎ፣ ለአሥራ ዘጠኙም የሚሆን ማሾና ጥቂት ቶሎ ደራሽ ማሽላ አስፈቅዶ ነበር። መኪና ከሚቆምበት በአህዮች ወረደ። ጸሐይነሽ አብራ ሄዳ አከፋፈለች። ወይዘሮ ይታየሽ ማሾውን በመዳፋቸው እያገላበጡ አዩት፤ «ይኼ ለወጥ ነው፣ ለሆድ አይደለም» አሉ፤ ወሰዱት ግን።

ማሾው በመስከረም መጨረሻ ደረሰ። አምስት ሰው ጥሩ አገኘ፤ አብዛኛው መካከለኛ ነበር፤ የሁለት ሰው ማሳ ተባይ ገብቶበት ከንቱ ቀረ። ወይዘሮ ይታየሽ ያገኙት ከአምናው ማሽላቸው ሲሶውን ያህል ነው። ፍየሎቻቸውን ሸጠው በጋውን ተሻገሩ። በኋላ ጸሐይነሽ በዚያ ስታልፍ ውሃ ሰጥተዋት ስለ ጤናዋ ጠይቀዋታል፤ ስለ ዝናቡ አልጠየቋትም። መልእክቱም በስልካቸው እንዳይላክ ጠይቀዋል። አቶ ደግሰው ይህን የነገሯት እንደ ተራ ወሬ ነው። እሷም እንደዚያው ሰማችው፤ የወይዘሮ ይታየሽን ቁጥር ግን ከዝርዝሩ ለመሰረዝ ጊዜ ወሰደባት።

በቢሮዋ አሥራ አንዱን የትእዛዝ መስመር አንድ በአንድ -E ጨምራ አሳለፈቻቸው። አንድ ሙሉ ሳምንት ፈጀባት። ሌላ ስህተት አላገኘችም። ባለማግኘቷ መደሰት እንዳለባት ታውቅ ነበር፤ የተሰማት ድካም ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ጥር ፕሮጀክቱ ሰሃላ ላይ ሁለት መለኪያ ሊያቆም ወሰነ። ሰሃላ መኪና ብዙም የማይደፍረው አገር ነው። ጸሐይነሽ ዕቃዋን በበቅሎ አስጭና ሁለት ቀን ተጓዘች። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ጠበቃት። ወንዳወቅ የሚባሉ የሰሉ ሽማግሌ ከሁሉ ቀድመው ጠየቋት።

«ይኼ መሣሪያ ይሳሳታል ወይስ አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል» አለች። ከዚያም የዝቋላውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ በኽምጣኛ ነገረቻቸው። ስንት ሰው እንደዘራ፣ ምን ያህሉ እንደጠፋ፣ ምን እንደተተካ ተናገረች። ስህተቱ የእሷ መሆኑንም አልደበቀችም። መልአኩ አብሯት ቢሆን ኖሮ እጀታዋን ይጎትታት ነበር።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ብዙ ተነጋገሩ። ተነጋግረው ሲጨርሱ አቶ ወንዳወቅ አንዱ መለኪያ በቤተ ክርስቲያኑ መሬት፣ ሌላው ከመንደሩ ወንዝ ማዶ ይቁም፣ በየማሳው አጠገብም ጣሳ ይቀመጥ አሉ። ጸሐይነሽ መቆፈሪያውን አወረደችና ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር እንዲያሳዩዋት ተከተለቻቸው።